ሲስተሙ ይታደሳል፤ የተመሰጠረው ፓርቲሽንስ?

ተጠራጣሪ፦ አንድ ሰው በላፕቶፑ ላይ ሊኑክስ ይጠቀማል እንበል። የሒሳብ ሰነዱን፣ ውሎቹንና የቤተሰቡን ፎቶግራፎች ከሲስተሙ ለይቶ በተመሰጠረ ፓርቲሽን ላይ አስቀምጧል። አንድ ቀን ኮምፒውተሩ አልነሳም ይለውና ሲስተሙን እንደገና ሊጭን ይወስናል። የቆለፈው ሲስተም ከተደመሰሰ የተቆለፈውን ማን ይከፍተዋል? ሰውየው ከሌባ የደበቀውን ከራሱም ደብቆታል ባይ ነኝ።

ተሟጋች፦ ጋሼ፣ መቆለፊያው ሲስተሙ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ስጋትዎ ልክ ነበር። ነገር ግን እዚያ አይደለም። በሊኑክስ ዓለም የተለመደው የዲስክ ምስጠራ ሉክስ ይባላል፤ ክሌመንስ ፍሩቪርት እ.ኤ.አ. በ2004 የነደፈው ነው። በሉክስ አሠራር ፓርቲሽኑን ለመክፈት የሚያስፈልገው መረጃ የሚቀመጠው በራሱ በፓርቲሽኑ መጀመሪያ ላይ ነው። ያ ክፍል ሄደር ይባላል። የምስጠራው ስልት፣ የቁልፉ ርዝመት፣ የፓርቲሽኑ መለያ ቁጥር ሁሉ እዚያ ሰፍሯል። ሲስተሙን ቢያጠፉት፣ ዲስኩን ነቅለው ሌላ ሊኑክስ ላይ ቢሰኩት፣ ወይም ኮምፒውተሩን ከፍላሽ ቢያስነሱት፣ የይለፍ ቃሉን እስካወቁ ድረስ ይከፈታል።

ተጠራጣሪ፦ የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያ ከተጻፈ፣ ላፕቶፑን የሰረቀውም ሰው ያነበዋላ! ምኑ ተቆለፈ ታዲያ?

ተሟጋች፦ የይለፍ ቃሉ እዚያ የለም። ፋይሎቹን የሚመሰጥረው ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ ያመነጨው ዋና ቁልፍ ነው። ይህ ቁልፍ ሄደሩ ውስጥ ይገኛል፤ ግን እሱ ራሱ ተመስጥሮ ነው የተቀመጠው። የሚፈታውም ከባለቤቱ የይለፍ ቃል ተሰልቶ በሚገኝ ሌላ ቁልፍ ነው። ስሌቱ ደግሞ ሆን ተብሎ እንዲዘገይ ተደርጓል። ሁለተኛው የሉክስ እትም ለዚህ የሚጠቀመው አርጎን2 የተባለውንና እ.ኤ.አ. በ2015 በይለፍ ቃል ስሌት ዘዴዎች ውድድር ያሸነፈውን ዘዴ ነው። እየገመተ ለመክፈት የሚሞክር ሰው በእያንዳንዱ ሙከራ ጊዜም ሜሞሪም ይከፍላል።

ሌላም ጥቅም አለው። ያው አንድ ዋና ቁልፍ በተለያዩ የይለፍ ቃሎች ተመስጥሮ በተለያዩ ማስገቢያዎች ሊቀመጥ ይችላል። በመጀመሪያው ሉክስ ማስገቢያዎቹ 8 ነበሩ፤ በሁለተኛው እስከ 32 ይደርሳሉ። ባለቤቱ አንዱን፣ የትዳር ጓደኛው ሌላውን ሊይዙ ይችላሉ።

ተጠራጣሪ፦ በወረቀት ላይ ያምራል። ታዲያ ሲስተም ከቀየሩ በኋላ «ፋይሌ ጠፋ» የሚሉት ሰዎች ምን ሆነው ነው?

ተሟጋች፦ ከእነሱ መካከል ፋይላቸው ከቦታው ያልተነቃነቀ አሉ። ሊኑክስ ሲነሳ የትኛውን የተመሰጠረ ፓርቲሽን መክፈት እንዳለበት የሚያነበው ክሪፕትታብ ከተባለ አጭር የጽሑፍ ፋይል ነው፤ የተከፈተውን የትኛው ፎልደር ላይ እንደሚያሳየው ደግሞ ኤፍኤስታብ ከተባለው። ሁለቱም የሚኖሩት በሲስተሙ ክፍል ነው። ስለዚህ ሲስተሙ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ፤ አዲሱ ሲስተምም ፓርቲሽኑን አያውቀውም። መፍትሔው በእያንዳንዳቸው አንድ መስመር መጻፍ ነው፦ በክሪፕትታብ ላይ ሲከፈት የሚጠራበት ስምና የፓርቲሽኑ መለያ ቁጥር፣ በኤፍኤስታብ ላይ የሚታይበት ፎልደር። ለዛሬ ብቻ መክፈት የፈለገ ሰው ይህም አያስፈልገውም። በተለመዱት የዴስክቶፕ ሲስተሞች ላይ የፋይል ማሳያውን ከፍቶ ዲስኩን ሲነካው የይለፍ ቃል ይጠይቀዋል።

ተጠራጣሪ፦ የይለፍ ቃል ኖሮት ከሆነ ነው እንጂ! እኔ የማውቀው ብዙ ሰው በየቀኑ ሁለት ጊዜ መጻፍ ስለሚሰለቸው አንዱን ለማሽኑ ይተወዋል። ሲስተሙ በይለፍ ቃል ይከፈታል፤ የፋይሎቹ ፓርቲሽን ደግሞ ሲስተሙ ውስጥ በተቀመጠ የቁልፍ ፋይል ራሱን ይከፍታል። ሰውየው ሲስተሙን አጥፍቶ ሲጭን የቁልፍ ፋይሉን በገዛ እጁ ደመሰሰው። አሁንስ ሄደሩ ምን ይጠቅመዋል?

ተሟጋች፦ ሌላ ማስገቢያ ላይ የይለፍ ቃል ከሌለው ምንም አይጠቅመውም። እዚህ ላይ አልከራከርዎትም። የቁልፍ ፋይል ብቸኛው መክፈቻ ከሆነ ሲስተሙንና ፋይሎቹን መለየቱ ትርጉሙን ያጣል፤ ሁለቱ በአንድ ክር ታስረዋልና። ማስተካከያው ግን ቀላል ነው። ሲስተሙ ገና በሕይወት ሳለ የቁልፍ ፋይሉን ተጠቅሞ ተጨማሪ የይለፍ ቃል በሌላ ማስገቢያ ማስገባት ይቻላል። ክሪፕትሴትአፕ የተባለው ፕሮግራም ይህን በአንድ ትእዛዝ ይሠራዋል። ፓርቲሽኑን ሳይከፍቱ የይለፍ ቃሉ ትክክል መሆኑን ብቻ የሚፈትሽበት ትእዛዝም አለው።

ተጠራጣሪ፦ «በሕይወት ሳለ» አልክ። ሰው ሲስተሙን የሚቀይረው ብዙውን ጊዜ ከሞተ በኋላ ነው።

ተሟጋች፦ አልነሳም ያለ ሲስተም ሁሉ የሞተ አይደለም። ከፍላሽ አስነስቶ የሲስተሙን ፓርቲሽን በይለፍ ቃሉ ከፍቶ የቁልፍ ፋይሉን ቀድቶ ማውጣት ይቻላል፤ ዲስኩ እስካልተበላሸ ድረስ። ጥፋቱ የሚመጣው ሰውየው ይህን ሳያስታውስ ወደ ኢንስታለሩ ሲሮጥ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ቲፒኤምስ? ዛሬ ዛሬ ላፕቶፑ ላይ ባለ ቺፕ ራሱን የሚከፍት ዲስክ እየተለመደ ነው። እሱ ላይ ደግሞ ቀድቶ የሚወጣ ፋይል እንኳ የለም።

ተሟጋች፦ ልክ ነው። ሲስተምዲ የተባለው የሊኑክስ ማስነሻ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው 248ኛ እትሙ ሉክስ 2ን ከቲፒኤም ቺፕ ጋር ማያያዝን በጣም አቀለለው። ቺፑ ቁልፉን የሚሰጠው የኮምፒውተሩ አነሳስ ሲመዘገብ እንደነበረው ሆኖ ካገኘው ነው። የሴኪዩር ቡት ቅንብር ከተቀየረ ሊከለክል ይችላል፤ ማዘርቦርዱ ከተቀየረ ደግሞ ቺፑም ሌላ ነው። ሆኖም ቲፒኤም የሚይዘው አንድ ማስገቢያ ብቻ ነው። ነባሩ የይለፍ ቃል ሰውየው ራሱ ካላጠፋው በቦታው ይቆያል። ሲስተምዲም ረጅም የማገገሚያ ቁልፍ አመንጭቶ በወረቀት እንዲጻፍ ያደርጋል። ስለዚህ ቺፑ ለዕለት ምቾት ይሁን፤ መተማመኛው ግን በሰው እጅ ያለ የይለፍ ቃል መሆን አለበት።

ተጠራጣሪ፦ እሺ፣ የይለፍ ቃሉን ያውቃል እንበል። አሁን ወደምፈራው ነገር ልምጣ። ኢንስታለሩ ተከፍቷል፤ ፓርቲሽኖቹ ተደርድረዋል። «ምስጠራ ይኑረው» የሚል ምርጫ ያያል። ፓርቲሽኑ ድሮም የተመሰጠረ ነውና ምልክት ያደርግበታል። ይለፍ ቃል ሲጠየቅ የድሮውን ይጽፋል። ከዚያስ?

ተሟጋች፦ ከዚያ ፋይሎቹ ሄዱ። ያ ምርጫ የነበረውን የሚከፍት ሳይሆን አዲስ የሚፈጥር ከሆነ፣ አዲስ ሄደር በአሮጌው ላይ ይጻፋል፤ አዲስ ዋና ቁልፍም ይመነጫል። የይለፍ ቃሉ ከድሮው ጋር አንድ ቢሆንም ከጀርባው ያለው ቁልፍ ሌላ ነው። የድሮው ዋና ቁልፍ ቅጂ ሌላ ቦታ ከሌለ አምራቹም፣ ባለሙያውም፣ ፖሊስም አይመልሰውም። ራሳቸው የክሪፕትሴትአፕ ሰዎች በጥያቄና መልስ ሰነዳቸው ላይ ስለዚህ በግልጽ ያስጠነቅቃሉ፦ አንዳንድ ኢንስታለሮች አዲስ ሉክስ መፍጠርን ነባሩን እንደ መክፈት በሚያስመስል መንገድ ያቀርባሉ፤ ስለዚህ ሙሉ መጠባበቂያ ሳይያዝ ኢንስታለር መጠቀም አይገባም ይላሉ።

ተጠራጣሪ፦ ይኸው! ለእኔ የምትመሰክረው አንተው ሆንክ። ያልተመሰጠረ ዲስክ በስሕተት ፎርማት ቢደረግ ባለሙያ ጠርቶ የተወሰነውን ፋይል ማዳን ይቻላል። የተመሰጠረው ግን መጀመሪያው ላይ ያለች ትንሽ ቦታ ስለተነካች ብቻ ቴራባይት ሙሉ ይጠፋል። ይህ ጥበቃ ነው ወይስ ወጥመድ?

ተሟጋች፦ ድክመቱ እውነተኛ ነው። ሉክስ የተሠራው ማስገቢያዎቹ እንዲጠፉ ሲፈለግ በደንብ እንዲጠፉ ጭምር ነው። ተመስጥሮ የተቀመጠው ቁልፍ በ4,000 ቁራጭ ተበትኖ ይጻፋል፤ ከዚያ ጥቂቱ እንኳ ከተበላሸ ያ ማስገቢያ አይከፈትም። ሁለተኛው ሉክስ የሄደሩን መግለጫ ሁለት ቦታ ያስቀምጣል፤ ማስገቢያዎቹን ግን አይደግማቸውም። ስለዚህ የሄደሩን ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ መያዝ ግዴታ ነው። በሉክስ 2 የተለመደው የሄደር መጠን 16 ሜጋባይት ነው፤ በየትኛውም ፍላሽ ላይ ይገባል። ኢንስታለሩ የነካው ሄደሩን ብቻ ከሆነ ያ ቅጂ ሲመለስ ፋይሎቹ ይመለሳሉ። ከሄደሩ አልፎ አዲስ ፋይል ሲስተም ከጻፈበት ግን የተጻፈበት ቦታ አይመለስም።

ከዚያ በፊት ግን የተሻለ መንገድ አለ፦ ኢንስታለሩ ፓርቲሽኑን ጨርሶ አይንካው። አዲሱ ሲስተም በራሱ ፓርቲሽን ላይ ይጫን፤ የተመሰጠረው ፓርቲሽን ያለ ምንም ምርጫ ይታለፍ፤ የክሪፕትታብና የኤፍኤስታብ መስመሮች በኋላ ይጻፉ። ፋይሎቹ በተለየ ዲስክ ላይ ካሉ ደግሞ ጭነቱ እስኪያልቅ ዲስኩን መንቀል ነው። የተነቀለ ዲስክ በስሕተት አይጠፋም።

ተጠራጣሪ፦ ኢንስታለሩ የዲስኮቹን ስም ሲዘረዝርስ ሰው እንዴት ይለያቸዋል? ባለፈው የመጀመሪያ የነበረው ዛሬ ፍላሽ ስለተሰካ ሁለተኛ ሊሆን ይችላል።

ተሟጋች፦ ይሆናል፤ ስለዚህ በስሙ አይታመንም። መጠኑና መለያ ቁጥሩ ከመጫኑ በፊት በወረቀት ይጻፉ፤ በኢንስታለሩ ላይ ከሚታየው ጋር ይመሳከሩ።

ተጠራጣሪ፦ የሄደሩን ቅጂ በፍላሽ ያዙ አልክ። ያም ሌላ አደጋ ነው። ሰውየው የይለፍ ቃሉ ታወቀብኝ ብሎ ቢቀይረው፣ በፍላሹ ላይ ያለው አሮጌ ሄደር በአሮጌው የይለፍ ቃል አይከፈትም?

ተሟጋች፦ ይከፈታል። የይለፍ ቃል መቀየር ዋናውን ቁልፍ አይቀይረውም፤ የሚለወጠው ማስገቢያው ብቻ ነው። አሮጌውን ቅጂና አሮጌውን የይለፍ ቃል ያገኘ ሰው ዲስኩን ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ የይለፍ ቃሉ ሲቀየር የድሮው ቅጂ ይጥፋ፤ አዲስ ይያዝ። የይለፍ ቃሉ በእርግጥ አፈትልኮ ከሆነ ደግሞ ፓርቲሽኑን በሙሉ በአዲስ ዋና ቁልፍ መልሶ መመስጠር ነው። ሉክስ 2 ይህን ዲስኩ በሥራ ላይ እያለም ሊያደርገው ይችላል።

ተጠራጣሪ፦ አንድ የኛን ሰው የሚመለከት ነገር ልጨምር። የይለፍ ቃሉን በአማርኛ የጻፈስ? ጠንካራ ነው፣ ማንም አይገምተውም ብሎ።

ተሟጋች፦ ይህ ብዙም የማይወራ ትልቅ አደጋ ነው። ሉክስ የሚያየው ፊደሉን ሳይሆን ፊደሉ የተወከለበትን ባይት ነው። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። በዴስክቶፑ ላይ የአማርኛ መጻፊያ ስላለ «ሰላም»ን መጻፍ ይቻላል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚመጣው የይለፍ ቃል መጠየቂያ ላይ ግን ያ መጻፊያ አይኖርም፤ ከፍላሽ በተነሳ ሲስተም ላይም መጀመሪያ መጫን ሊኖርበት ይችላል። የክሪፕትሴትአፕ ሰነድም የይለፍ ቃል ተራ የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ብቻ ይሁን ብሎ ይመክራል። አማርኛ የሚወድ ሰው የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል ይጻፋቸው፤ ብዙ ቃላት ይደርድር፣ አጻጻፉንም አይለዋውጥ። ከምልክቶቹ የአንዳንዶቹ ቦታ በአሜሪካ፣ በጀርመንና በፈረንሳይ ኪቦርድ ስለሚለያይ፣ በውጭ አገር የሚኖር ሰው ሲስተሙን ሲጭን የኪቦርዱን ምርጫ ልብ ይበል።

ተጠራጣሪ፦ ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ፓርቲሽኑ ተከፈተ እንበል። ፋይሎቹ ይታያሉ፤ ሊጽፍባቸው ሲል ግን «ፈቃድ የለህም» ይለዋል።

ተሟጋች፦ እሱ ቀላሉ ነው። ሊኑክስ የፋይል ባለቤትን የሚያውቀው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። በኡቡንቱ፣ በደቢያንና በፌዶራ የመጀመሪያው ተጠቃሚ 1000 ቁጥር ያገኛል። በአዲሱ ሲስተም ላይ ተጠቃሚዎቹ በድሮው ቅደም ተከተል ካልተፈጠሩ ቁጥሮቹ ይዛነፋሉ። ባለቤትነቱን በአንድ ትእዛዝ ማስተካከል ይቻላል፤ የጠፋ ነገር የለም።

ተጠራጣሪ፦ ዘመኑስ? ዛሬ የሚከፈተው ከ10 ዓመት በኋላ ይከፈታል የሚል ዋስትና አለህ? ኡቡንቱ በአንድ ወቅት ኢክሪፕትኤፍኤስ በተባለ ዘዴ የቤት ፎልደርን መመስጠርን ከኢንስታለሩ ይሰጥ ነበር፤ በ18.04 እትም ምርጫውን አነሳው። እሱን አምነው የቆለፉትስ?

ተሟጋች፦ ጥሩ ምሳሌ አነሱ። በኢክሪፕትኤፍኤስ የፋይሎቹ ቁልፍ በመግቢያ ይለፍ ቃል ተጠቅልሎ በፋይል ነው የሚቀመጠው። ያን ፋይል ከነይለፍ ቃሉ፣ ወይም የተጠቀለለውን ዋና ሐረግ የያዘ ሰው በማገገሚያ ትእዛዝ ይከፍተዋል፤ ያልያዘ አይከፍትም። ከዚህም የባሰ አለ። ዲኤም ክሪፕት በተባለው የሊኑክስ ምስጠራ ሄደር በሌለው ተራ ስልት ምንም የተጻፈ ነገር ስለሌለ ባለቤቱ ስልቱን ራሱ ማስታወስ አለበት። ክሪፕትሴትአፕ በ2.7 እትሙ የዚህን ስልት ነባሪ ምርጫዎች ስለቀየረ፣ በነባሪው ተማምኖ የቆለፈ ሰው በአዲስ ሲስተም ላይ ትክክለኛውን የይለፍ ቃል ጽፎም ትርጉም የሌለው ነገር ያያል፤ የድሮዎቹን ምርጫዎች ራሱ መጻፍ አለበት። ሉክስ የተሻለው በዚህ ነው፦ ስልቱን ከዲስኩ ያነባል። የመጀመሪያው ሉክስ ዛሬም በአዲሱ ክሪፕትሴትአፕ ይከፈታል። ተቃራኒው ግን አይሆንም፤ የ1ኛው ትውልድ ክሪፕትሴትአፕ ሉክስ 2ን አያውቅም። ወደ አሮጌ ሲስተም መመለስ የሚፈልግ ይህን ይወቅ።

ተጠራጣሪ፦ እንግዲህ የመጨረሻውን ልበል። ሄደሩን ቅዳ፣ የይለፍ ቃል ጨምር፣ መለያውን ጻፍ፣ ሙሉ መጠባበቂያም ያዝ አልክ። ሙሉ መጠባበቂያ ካለው ፓርቲሽኑን ለማትረፍ መጨነቁ ምን ይሠራለታል? ሁሉንም አጥፍቶ አዲስ ይጫን፤ ከመጠባበቂያው ይመልስ። ቀላልና ንጹሕ ነው። ደግሞም ለተራ ሰው ከስርቆት ይልቅ የራሱ መርሳት የቀረበ አደጋ ነው። ባለቤቱ ድንገት ቢሞት ልጆቹ የአባታቸውን ፎቶ እንኳ አያዩም። አንተ የምትቆጥረው የሌባውን ብዛት ነው፤ እኔ የምቆጥረው የሚያለቅሰውን ቤተሰብ።

ተሟጋች፦ ከጠየቁት ሁሉ ይህ ይከብዳል። በመጀመሪያው ክፍል እስማማለሁ፤ መጠባበቂያ ያለው ሰው ፓርቲሽኑን የሚያተርፈው ጊዜ ለመቆጠብ ብቻ ነው፤ አጥፍቶ መመለስም ትክክለኛ ምርጫ ነው። ግን ያ መጠባበቂያ ራሱ የት ነው ያለው? ሳይመሰጠር በመሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ ላፕቶፑን መመስጠሩ ትርጉም አጣ፤ ሌባው መሳቢያውን ይከፍታል። ከተመሰጠረ ደግሞ ስለ ሄደር፣ ስለ ይለፍ ቃልና ስለ ማስገቢያ ያወራነው ሁሉ ለእሱም ይሠራል። ስለዚህ እውቀቱ በሁለቱም መንገድ ያስፈልጋል።

ቤተሰቡን በተመለከተ፣ ብዙ ማስገቢያዎች ያሉት ለዚህ ጭምር ነው። ሁለተኛ የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ ከቤቱ ካርታና ከኑዛዜው ጋር በአስተማማኝ ቦታ ይቀመጥ። ያን የማያደርግ ሰው ባይመሰጥር ይሻለዋል፤ በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ላፕቶፑን ለጥገና የሚሰጥ፣ አሮጌ ዲስክ የሚሸጥ፣ የደንበኞቹን ወይም የታካሚዎቹን ሰነድ የያዘ ሰው ግን ሳይመሰጥር ቢቀር የሚጎዳው ሌላውን ነው። የሐኪም መዝገብ አንዴ ከወጣ የሚመልሰው ትእዛዝ የለም።

ተጠራጣሪ፦ ታካሚ ያለው ሐኪም ይመስጥር፤ አልቃወምም። ለራሱ ፎቶ ብቻ የሚያስብ ጡረተኛ ግን ከዚህ ሁሉ ሥርዓት አንዱን እንኳ ካጎደለ ተጎጂው እሱ ነው። ምስጠራ ከመጀመሩ በፊት ይህን ማን ይነግረዋል?

ተሟጋች፦ የሚያስመሰጥረው ባለሙያ ሊነግረው ይገባል። ለጀመረው ሰው ደግሞ አንድ ፈተና አለ። ኢንስታለሩን ከመክፈቱ በፊት ኮምፒውተሩን ከፍላሽ ያስነሳ፤ የድሮው ሲስተም ምንም ሳያግዘው ፓርቲሽኑን በእጁ በሚጽፈው የይለፍ ቃል ይክፈት፤ አንድ ፋይል ከፍቶ ያንብብ። ከተከፈተለት የሄደሩን ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጥና ሥራውን ይቀጥል። ካልተከፈተለት ዛሬ ምንም አይጫን፤ ችግሩን የሚፈታው የድሮው ሲስተም ገና በዲስኩ ላይ ነውና።